ተልባ በደረቁ፣ ሱፍ በውሃ፦ በብሌንደር መጠጥ ማዘጋጀት ለሚጀምሩ

መግቢያ

በነቀምቴ ከተማና በጉቶ ጊዳ ወረዳ መብራት በገባባቸው ቀበሌዎች በተለምዶ ብሌንደር የሚባለው የኤሌክትሪክ መፍጫ ወደ ብዙ ቤቶች ገብቷል። አንዳንዱ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ፣ አንዳንዱም ውጭ አገር ካለ ዘመድ ተልኮ የመጣ ነው። በጭማቂ ቤት አቮካዶና ማንጎ ሲፈጭበት ያየች የቤት እመቤት ይኸው መሣሪያ ተልባዋንና ሱፏንም እንዲፈጭላት ብትፈልግ አያስገርምም። ስለሆነም የልማት ሠራተኞች «ተልባ በብሌንደር ይሆናል ወይስ አይሆንም?» ብለው ደጋግመው ይጠይቁናል።

መልሳችን አጭር ነው። ተልባ ይሆናል፤ ነገር ግን ከታመሰ በኋላ በደረቁ ብቻ። ሱፍ ደግሞ በተቃራኒው ተቀቅሎ ከውሃ ጋር ይፈጫል። ይህን ቅደም ተከተል የሚያዛባ ሰው ወይ መሣሪያውን ያቃጥላል፣ ወይ ለጤና የማይስማማ መጠጥ ያዘጋጃል። ይህ ጽሑፍ የልማት ሠራተኞች ለቤተሰቦች እንዲያስተምሩበት፣ እንዲሁም ተልባ ገዝተው የሚሸጡ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ስለ ጥራት እንዲገነዘቡበት የተዘጋጀ ነው።

ከአንድ ሠርቶ ማሳያ የተማርነው

ስህተቱን አስቀድመን የሠራነው እኛው ነን። ከነቀምቴ ብዙም በማይርቅ አንድ ቀበሌ ሴቶች ተሰብስበው ሳለ፣ ሌሊቱን በውሃ ዘፍዝፈን ያሳደርነውን ጥሬ ተልባ በብሌንደሩ ትልቅ ጆግ ጨምረን አስነሣነው። ዝፍዝፍ እህል ቶሎ ይደቃል ብለን ነበር። ምላጩ ጥቂት ዞረና በዝልግልጉ መካከል ባዶ ጉድጓድ ሠርቶ ብቻውን ይሽከረከር ጀመር፤ ፍሬው ዳር ዳሩን ተጣብቆ ቀረ። ጊዜ ስንጨምርለት ሞተሩ አቃሰተ፣ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተ፣ ቆመም። በዚያ ቀን መሣሪያው ዳግመኛ አልተነሣም።

«አዴ» እያልን የምንጠራቸው አንዲት ባልቴት ይህን ሁሉ ዝም ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። ከዚያም ከቤታቸው ምጣድና ሙቀጫ አስመጥተው፣ ተልባውን አምሰውና ወቅጠው፣ እኛ የመሣሪያውን ገመድ ጠቅልለን ሳንጨርስ መጠጡን አቀረቡልን። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» የሚለው ተረት የተነገረው ለሌላ ጉዳይ ቢሆንም፣ በዚያ ቀን ቃል በቃል እውነት ሆኖ አግኝተነዋል። ከዚያ ወዲህ የምናስተምረው የባልቴቷን ሥርዓት ነው። ብሌንደሩን ያስገባነው ሙቀጫው ይሠራ በነበረበት ቦታ ብቻ ሲሆን፣ ከእርሱ በፊትና በኋላ ያለውን አሠራር አልነካነውም።

ተልባን ውሃ ሲነካው

የተልባ ፍሬ ሽፋን ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥና የሚዝለገለግ ነገር አለው። መጠጡን ወፍራምና ለጨጓራ የሚስማማ የሚያደርገው ይኸው ዝልግልግ ነው፤ ምላጩን ሥራ የሚያስፈታውም እርሱ ነው። ስለዚህ ተልባ ከመፈጨቱ በፊት በምንም ምክንያት ውሃ ሊነካው አይገባም፤ አይታጠብም፣ አይዘፈዘፍም። አፈሩና ገለባው የሚወገደው በሰፌድ በማንፈስ፣ በወንፊት በመንፋትና በእጅ በመልቀም ነው።

መልቀሙን እንደ ቀላል ሥራ ማየት አይገባም። አንዲት ጠጠር ብቻዋን የመፍጫውን ምላጭ ታዶለዱማለች፣ የፕላስቲኩን ክዳንም ትሰነጥቃለች። ከጠጠር ይበልጥ የሚያሳስበን ግን የአስተናግር ፍሬ ነው። አስተናግር በማሳ ዳርና በአውድማ አካባቢ የሚበቅል መርዛማ አረም ሲሆን፣ ፍሬው በመጠኑ ከተልባ ብዙም ስለማይለይ በወንፊት አይለይም። ተልባ ለስላሳ፣ የሚያብረቀርቅና በአንድ ጫፉ ሾል ያለ ነው። የአስተናግር ፍሬ ግን ጠቆር ያለ፣ የማያብረቀርቅ፣ ሸካራና እንደ ኩላሊት የጎበጠ ነው። በሙቀጫ የምትወቅጥ ሴት እየለቀመች ስለምትወቅጥ ታየው ይሆናል፤ መፍጫው ግን ክዳኑ ከተዘጋ በኋላ ሁሉንም አንድ ዱቄት ያደርገዋል። ይህን የጠጣ ሰው አፉ ይደርቃል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ይቃዣል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን ሰው ቤት ውስጥ አስቀምጦ መጠበቅ አይገባም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ መወሰድ አለበት።

ለምን ይታመሳል?

ብዙ ሰው ተልባ የሚታመሰው ለጣዕሙ ብቻ ይመስለዋል። ሌላም ምክንያት አለ። ጥሬ ተልባ በተፈጥሮው፣ መጠኑ ቢለያይም፣ እንደ ካሳቫ ሁሉ ሲያናይድ ሊሰጥ የሚችል ንጥረ ነገር ይዟል። ፍሬው ሳይሰበር እስካለ ድረስ ይህ ንጥረ ነገርና እርሱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በየክፍላቸው ተለያይተው ይቀመጣሉ። ጥሬው ከውሃ ጋር ሲፈጭ ግን ሁለቱ ይገናኙና ሲያናይድ ይወጣል። ብሌንደር ደግሞ ከሙቀጫ ይልቅ ስለሚያደቅ በደንብ ያገናኛቸዋል። ማመስ ኢንዛይሙን በሙቀት ያጠፋል። አያቶቻችን ስለ ኢንዛይም ባይሰሙም፣ ጥሬ ተልባ ወቅጠው በውሃ የመበጥበጥ ልማድ አልነበራቸውም።

ይህን የምንጽፈው ተልባ የሚጠጣውን ሰው ለማስፈራራት አይደለም። ጤናማ ትልቅ ሰው አንድ ሁለት ማንኪያ ተልባ ቢበላ የሚጎዳው ነገር የለም። ጥንቃቄው ለሕፃናት ነው። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) ባወጣው ግምገማ በአንድ ጊዜ ወደ ሰውነት የሚገባው ሲያናይድ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ20 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ አመልክቷል። 10 ኪሎ ለሚመዝን ሕፃን ይህ 200 ማይክሮግራም ማለት ነው፤ እዚህ ልክ ለመድረስ ጥቂት ግራም ጥሬ የተልባ ዱቄት ሊበቃ ይችላል። አንዳንድ ወጣት እናቶች «ጥሬው ይበልጥ ጠቃሚ ነው» ሲባል ሰምተው ለልጆቻቸው ጥሬውን ፈጭተው እንደሚሰጡ በየቀበሌው ታዝበናል። ይህ መቅረት አለበት። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ታምሶም ቢሆን አይሰጥም።

አዘገጃጀቱ

የተለቀመውን ተልባ በሚጠቀሙበት ልክ ብቻ ይስፈሩ። ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ የቡና ሲኒ ሙሉ ተልባ በቂ ነው። ምጣዱን በመካከለኛ እሳት አሙቀው ተልባውን በስሱ ያፍሱበት፤ እጅዎን ሳያሳርፉ ያማስሉ። ጥቂት ቆይቶ መንጣጣት ይጀምራል። መንጣጣቱ በርትቶ ከቆየ በኋላ ቀዝቀዝ ሲል፣ ሽታውም ሲያውድ ይወርዳል። ጭስ እስኪያወጣ ከተጠበቀ አርሯል፤ ይመርራል፣ ማርም አያድነውም። ጀማሪ ሰው የሚሳሳተው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን በሁለት ማንኪያ ተልባ ብቻ መሞከር፣ ጆሮንና አፍንጫን ማስለመድ ይሻላል። ሰዓት ቆጥሮ ማመስን አናስተምርም፤ የማገዶው፣ የከሰሉና የኤሌክትሪኩ ምጣድ ሙቀት አንድ አይደለምና።

ከምጣድ የወረደው ተልባ በሰፌድ ላይ ተሰጥቶ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። ትኩሱ ቢፈጭ እንፋሎቱ በክዳኑ ላይ ጤዛ ይሠራና ዱቄቱን ያጣብቀዋል፤ ቅባቱም ቶሎ ይወጣል።

አብዛኞቹ የቤት ብሌንደሮች ከትልቁ ጆግ ሌላ ለቡናና ለቅመም የምትሆን ትንሽ ደረቅ መፍጫ አላቸው። ለተልባ የምትሆነው ትንሿ ናት። ከግማሽ በላይ አትሞላም። ከ10 እስከ 15 ሴኮንድ ያስነሡ፣ ያቁሙ፣ ነቅነቅ ያድርጉ፣ እንደገና ያስነሡ። ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይበቃል። ሳያቋርጡ ማስኬድ ሁለት ጉዳት አለው፤ ሞተሩን ያግለዋል፣ ተልባውንም ወደ ሊጥነት ይለውጠዋል። ከፍሬው ክብደት ከሲሶ በላይ የሚሆነው ቅባት ስለሆነ፣ ዱቄቱ ከምላጩ ሥር መጋገር ሲጀምር ሥራው አልቋል ማለት ነው። ትንሿ መፍጫ የሌላቸው ሰዎች በትልቁ ጆግ ከሚታገሉ በሙቀጫ ቢወቅጡ ይመረጣል።

በትንሿ መፍጫ ቡና ሲፈጭባት ከቆየ መጠጡ ቡና ቡና ይላል። አንድ ማንኪያ ደረቅ ሩዝ ፈጭቶ መድፋት ሽታውን ያነሣል።

የተፈጨው በወንፊት ይነፋል። ከላይ የቀረው ገለባ እንደገና ሊፈጭ ይችላል፤ ለእንጀራ ወጥ የሚያውሉትም አሉ። የተነፋው ዱቄት በማሰሮ ወይም በጆግ ባለ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ ቀስ እየተባለ ይበተናል፣ በማማሰያም ይበጠበጣል። እዚህ ላይ ብሌንደር አያስፈልግም፤ ቢያስፈልግ እንኳ ለአምስት ሴኮንድ ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ ለሩብ ሰዓት ያህል ተከድኖ ይቀመጣል። ልቁ ይዘቅጣል፣ ዝልግልጉ ከላይ ይቀራል። ቀጭን የሚወድ የላዩን ብቻ በንጹሕ ሻሽ አጥልሎ ይጠጣል፤ ወፍራም የሚወድ በጥብጦ ከነዝቃጩ ይጠጣል። ማር፣ ስኳር ወይም ጨው እንደ ቤቱ ልማድ ነው። እኛ በጨው የሚጠጣውን እንወዳለን፤ የቢሮ ባልደረቦቻችን ግን በዚህ አይስማሙም።

አንድ ነገር መታወስ አለበት። ዱቄቱን በደረቁ ቅሞ ጥቂት ውሃ መጨለጥ አይገባም፤ በጉሮሮና በአንጀት ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ ዝልግልጉ መድኃኒቱን ከሰውነት እንዳያዘገየው፣ ተልባውን ከመድኃኒቱ ሁለት ሰዓት ያህል አራርቆ ቢጠጣ ይሻላል።

ሱፍ እና ኑግ

ሱፍ ከተልባ በሁለት ነገር ይለያል። ዝልግልግ የለውም፤ በምትኩ ጠንካራ ቅርፊት አለው። በደረቁ ቢፈጭ ቅርፊቱና ፍሬው ተደባልቀው መለየት ያዳግታሉ። ስለዚህ ታጥቦ ይቀቀላል። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትንሽ ከፍ ስለምትል፣ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለሆነም ቆላ ካለው ሰው ይልቅ ጥቂት ረዘም አድርጎ መቀቀል ያስፈልጋል። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቂ ይሆናል። ከዚያ ውሃው ተደፍቶ፣ ሱፉ ቀዝቅዞ፣ ለአንድ እጅ ሱፍ ሦስት እጅ ንጹሕ ውሃ ተጨምሮ በትልቁ ጆግ ይፈጫል። ብሌንደር በእውነት ከሙቀጫ የሚበልጠው እዚህ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን መውቀጥና መጭመቅ በጥቂት ደቂቃ ይጨርሰዋል። ፈሳሹ በሻሽ ይጠለላል፣ አተላው ይጨመቃል፤ ሁለተኛ ጊዜ በጥቂት ውሃ ቢፈጭም ገና ይሰጣል። ነጩ የሱፍ ውሃ ለመጠጥም ለፍትፍትም ይሆናል። ከተዘጋጀበት ቀን ግን አያልፍም፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ማታ ላይ ይኮመጥጣል። የሱፍ የፈረንጅ ወንድም የሆነው ባለ ትልቅ አበባውም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

ወለጋ የኑግ አገር እንደመሆኑ ስለ ኑግ የማይጠይቀን የለም። ኑግ ታምሶ፣ ከጨው ጋር ተወቅጦ ልጥልጥ ሲሆን እንጂ ለመጠጥ ሲሆን ከተልባም ከሱፍም አይወዳደርም። በትንሿ መፍጫ መፍጨት ይቻላል፤ ሆኖም ቅባቱ ፈጥኖ ስለሚወጣ ከምላጩ ላይ በማንኪያ መፋቅ ይኖራል። ለኑግ ሙቀጫ ይሻላል ባዮች ነን።

ስለ መሣሪያው ጥቂት ቃል

መብራት ሲሄድ ሶኬቱ መነቀል አለበት። መብራቱ ሲመለስ በሚመጣው ከፍተኛ ኃይል የተቃጠሉ መፍጫዎች በከተማው ጠጋኞች ዘንድ ተደርድረው ይታያሉ። ሞተሩ በእጅ ሲነካ ከጋለ፣ እስኪበርድ ማሳረፍ እንጂ «ጥቂት ቀረው» ብሎ መጨረስ የለም። ምላጩን ሶኬቱ ሳይነቀል በጣት ማጽዳት የሚያስከትለውን መናገር አያስፈልገንም። የተልባ ዕቃ እንደ ተጠቀሙበት ወዲያው ካልታጠበ ዝልግልጉ ደርቆ እንደ ሙጫ ይይዛል። ቢያንስ ውሃ ሞልቶ መተው ይገባል።

ለተልባ ሲባል ብቻ ብሌንደር መግዛትን አንመክርም። ላለው ሰው ድካም ይቀንሳል፣ ሙቀጫ ያለው ሰውም ምንም አልጎደለበትም። አንዳንድ ማኅበራት ለአባላት የጋራ እንዲሆን አንድ መፍጫ ገዝተው አይተናል፤ መፍጫው ግን በገንዘብ ያዥ ቢሮ ተቆልፎበት ይውላል። የጋራ ዕቃ የሚገዛ ከሆነ ቁልፉ ከሚጠቀሙት ሴቶች ዘንድ ይሁን።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት

በጾም ወራት የተልባ ፍላጎት ስለሚጨምር፣ አንዳንድ የሴቶች ማኅበራት ተልባ ፈጭተው በላስቲክ ከረጢት ለመሸጥ አስበው ምክር ጠይቀውናል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን የተፈጨውን አይሽጡ። ከተልባ ቅባት ግማሽ ያህሉ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባለው፣ አየር ሲያገኘው ከሌሎች ቅባቶች ቀድሞ የሚበላሸው ዓይነት ነው። ፍሬው ሳይሰበር ለወራት ይቆያል፤ ከተፈጨ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ የቆየ ዘይት ይሸታል፣ ይመርራል። አንድ ጊዜ የመረረ ተልባ የገዛች እመቤት ወደዚያ ሱቅ አትመለስም። ይህን የምንለው በአንድ ማኅበር ላይ ሲደርስ ስላየን ነው። ሴቶቹ ከኪሳቸው ባወጡት ገንዘብ የገዙትን ተልባ አስፈጭተው ካሸጉ በኋላ፣ ጾሙ ሳይጋመስ ገዢዎች እየመለሱባቸው ዕዳ ላይ ወድቀዋል። ስህተቱ የፍላጎትም የትጋትም ማነስ አልነበረም፤ ቀድሞ የነገራቸው ባለመኖሩ ነው። መንገር ደግሞ የእኛና የልማት ሠራተኛው ሥራ ነበር።

ማኅበራቱ የሚያዋጣቸው በደንብ የተለቀመ ተልባ ሙሉ ፍሬውን በግማሽ ኪሎና በአንድ ኪሎ አሽጎ መሸጥ ነው። ገዢዋ ብሌንደር ካላት ከሁሉ የምትፈልገው ጠጠርና አስተናግር የሌለበትን ነው፤ ለዚህም ጥቂት ጨምራ ትከፍላለች። ሥራው ከአውድማ ይጀምራል። ተልባ በአፈር ላይ ከተወቃ ሺህ ጊዜ ቢነፋ አፈር አያጣም። በሸራ ላይ እንዲወቃ፣ አስተናግሩም ተልባው ከመታጨዱ በፊት ከማሳው እንዲነቀል አባላትን ማሳሰብ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ከሆሮ ጉዱሩና ከጅማ አርጆ ደጋዎች የሚመጣ ተልባ ሲረከብ ከእያንዳንዱ ጆንያ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ጨብጦ በነጭ ወረቀት ላይ መበተን፣ አስተናግር ከተገኘበት አለመቀበል ይኖርበታል። አምራቾቹ ዘር ሲጠይቁ፣ ከሆለታ ምርምር ማዕከል ከወጡት እንደ ቺላሎና በላይ-96 ካሉት ዝርያዎች ለደጋው የሚስማማው ይመረጥላቸው።

ታምሶ ሳይፈጭ የሚሸጥ ተልባም ይቻላል፤ ለብሌንደር ጀማሪዎች የማመሱን ችግር ያቃልላል። ነገር ግን የታመሰው እንደ ጥሬው አይቆይም። ስለዚህ አየር በማያስገባ ከረጢት በጥቂት በጥቂቱ ይታሸግ፣ የታመሰበትም ቀን በአማርኛና በኦሮምኛ በጉልህ ይጻፍበት።